ሰው ሰራሽ ዳሌ ስንት ዓመት ይቆያል? መልሱ የተገኘበት ረጅም መንገድ

ዳሌው እንዲቀየር የተወሰነለት ሰው ሐኪሙን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ይሄ ነገር ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ጫማ እንኳ ስንገዛ እንጠይቃለን። ግን ነገሩን ቆም ብላችሁ ካሰባችሁት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ታያላችሁ። ዛሬ የሚተከል ዳሌ 25 ዓመት መቆየት አለመቆየቱን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። የሚታወቀው ከ25 ዓመት በፊት የተተከለው ነው። እሱ ደግሞ ከዛሬው ጋር አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል፦ ፕላስቲኩ ተቀይሯል፣ የብረቱ አሠራር ተቀይሯል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ከገበያ ወጥቷል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባል የለ? የሰው ሰራሽ ዳሌ ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው። ነገር ግን ጊዜ ብቻውን ምንም አያጠራም። የተተከለውን የሚመዘግብ፣ የተበላሸውን የሚቆጥር ሰው ከሌለ 20 ዓመት ቢያልፍም የምናውቀው ነገር አይጨምርም። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚህ ነው፤ ዳሌዎቹ እንዴት እንደተሠሩ ብቻ ሳይሆን የትኛው እንደሚቆይ እንዴት እንደታወቀ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳሌ ምን ዓይነት ሥራ ይሠራል?

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ነገሩን ከጭነት ልጀምር። የዳሌ መገጣጠሚያ ኳስና ኩባያ ነው። ኳሱ የጭን አጥንት ጫፍ ነው፣ ኩባያው ደግሞ በዳሌ አጥንት ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ። ቀስ ብለን ስንራመድ እንኳ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ኃይል የሰውነታችንን ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህላል፤ ምክንያቱም ሚዛን ለመጠበቅ የሚስቡት ጡንቻዎች የራሳቸውን ኃይል ይጨምሩበታል። ተደናቅፈን ልንወድቅ ስንል ደግሞ ከዚያም በብዙ ይበልጣል። ዳሌ የሚፈትሹ መሐንዲሶች አንድ ዓመትን እንደ አንድ ሚሊዮን እርምጃ ይቆጥሩታል። ሃያ ዓመት ማለት እንግዲህ ሃያ ሚሊዮን ጊዜ መጫንና መፈተግ ማለት ነው። በመሃል ተፈትቶ አይጸዳ፣ ዘይት አይቀየርለት! እንዲህ ያለ ማሽን ሥሩ ተብላችሁ ብትታዘዙ ምን ትላላችሁ?

ሞካሪዎች ቀደም ብለው ነበሩ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ቴሚስቶክለስ ግሉክ የሚባል ሐኪም መገጣጠሚያ ከዝሆን ጥርስ ሠርቶ ሞክሯል። ቦስተን ውስጥ ስሚዝ-ፒተርሰን በ1923 ኳሱ ላይ የሚደፋ የመስታወት ቆብ ሠራ፤ መስታወቱ ተሰበረ። ፓሪስ ውስጥ ሁለቱ የዡዴ ወንድማማቾች በ1946 ከአክሪሊክ ፕላስቲክ የተሠራ ኳስ መትከል ጀመሩ። የታካሚው ሕመም ቶሎ ይቀንስ ስለነበር ሐኪሞች ደስ አላቸው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ፕላስቲኩ ያልቅ፣ ይሰበር ጀመር። መጀመሪያ ላይ የሚገኘው ደስታ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ቻርንሊና ቴፍሎን

በ1950ዎቹ ጆን ቻርንሊ የሚባል እንግሊዛዊ የአጥንት ሐኪም አንድ ታካሚ መጣለት። ሰውየው የዡዴ ዳሌ ተተክሎለት ነበር፤ ችግሩ ሲንቀሳቀስ ይጮሃል። እንደ ደረቅ ማጠፊያ! ሚስቱ ድምፁን መቋቋም አቅቷት ከአጠገቡ ትሸሽ እንደነበር ይነገራል። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ቻርንሊ ግን ጩኸቱ ሰበቃ መሆኑን ተረዳ። ሰበቃ ካለ ደግሞ ኳሱ በዞረ ቁጥር ኩባያውን ከአጥንቱ ነቅሎ ለማዞር ይታገላል።

መፍትሔው ሦስት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ኳሱን ማሳነስ። ኩባያውን የሚያዞረው ጉልበት የሰበቃው ኃይል በኳሱ ሬዲየስ ሲባዛ ነውና ትንሽ ኳስ ትንሽ ጉልበት ነው የሚፈጥረው። በመጨረሻ የረጋበት መጠን 22.225 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ እንግዳ የሚመስለው ሰባት ስምንተኛ ኢንች ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ የጥርስ ሐኪሞች ከሚጠቀሙበት አክሪሊክ የመጣ የአጥንት ሲሚንቶ። ሲሚንቶው እንደ ሙጫ አያጣብቅም፤ ክፍተቱን ሞልቶ ጭነቱን በአጥንቱ ላይ ያከፋፍላል እንጂ። ሦስተኛ፣ ኩባያውን በጣም ከሚያንሸራትት ቁስ መሥራት። በጊዜው ከቴፍሎን የበለጠ የሚያንሸራትት ጠጣር ነገር አይታወቅም ነበር።

ከ1958 ጀምሮ ቻርንሊ ላንካሺር ውስጥ በሚገኘው ራይቲንግተን ሆስፒታል ለ300 ያህል ሰዎች የቴፍሎን ኩባያ ተከለ። ውጤቱ ተአምር ይመስል ነበር። ሽባ ሆኖ የመጣ በእግሩ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላ ግን ኳሱ ቴፍሎኑን እየቦረቦረ መስመጥ ጀመረ። የተፋቀው ብናኝ ደግሞ በዙሪያው ያለውን ሥጋ አስቆጣው። ቻርንሊ የብናኙን ጠባይ ለማወቅ ቁሱን በራሱ ጭን ውስጥ እስከ መትከል ደርሷል።

ትምህርቱ ከባድ ነበር፦ የሚያንሸራትት ነገር ሁሉ አይቆይም። ሰበቃ አንድ ነገር ነው፣ ማለቅ ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የቴክኒሻኑ የሃሪ ክሬቨን ነው። በ1962 አንድ ሻጭ ለሸማኔ ማሽኖች ጥርስ መሥሪያ የሚውል ፖሊኢትሊን ይዞ ወደ ራይቲንግተን መጣ። ቻርንሊ ቁሱን በጥፍሩ ጫን ብሎ አየውና ናቀው። ክሬቨን ግን አለቃው ባይፈልገውም መፈተሻ ማሽኑ ላይ ጫነው። ማሽኑ ቀንና ሌሊት ለሦስት ሳምንት ሠራ። ፖሊኢትሊኑ በሦስት ሳምንት ያለቀው ቴፍሎን በአንድ ቀን ከሚያልቀው ያነሰ ነበር! በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የመጀመሪያው የፖሊኢትሊን ኩባያ ሰው ላይ ተተከለ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚተከሉት ኩባያዎች አብዛኞቹ የዚያ ፕላስቲክ ልጆች ናቸው።

ቻርንሊ ከቴፍሎኑ ውድቀት በኋላ ያደረገው ነገር ከፈጠራው አያንስም። ዳሌውን ለገበያ ለመልቀቅ አልቸኮለም፤ ለዓመታት የታካሚዎቹን ሁኔታ ተከታተለ። ከሞቱም በኋላ የተተከለው ዳሌ ወጥቶ እንዲመረመር በሕይወት ሳሉ ፈቃዳቸውን ይጠይቅ ነበር። ብዙዎቹም ፈቀዱ።

ብናኙ የሚሠራው ሥራ

ፖሊኢትሊን ከቴፍሎን ይሻል እንጂ እሱም ያልቃል። በየዓመቱ የሚያልቀው ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ነው፤ ግን ይህ ትንሽ ነገር በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቅንጣቶች ይሆናል። ባዕድ ነገር የሚውጡ የሰውነታችን መከላከያ ሕዋሳት ቅንጣቶቹን ባክቴሪያ ያገኙ ይመስል ይውጧቸዋል። መፍጨት ግን አይችሉም። የሚያወጡት የብግነት መልእክት በዙሪያው ያለው አጥንት እንዲሟሟ ያደርጋል። አጥንቱ ሲሳሳ ዳሌው ይላላል። በ1970ዎቹ ጀርመናዊው ሃንስ-ጌኦርግ ቪለርትና ባልደረቦቹ ይህን ሂደት አብራርተው ጻፉት።

ብዙ ሰው ግን ጥፋተኛው ሲሚንቶው ነው ብሎ ነበር። «የሲሚንቶ በሽታ» የሚል ስም ሁሉ ወጣለት። ስለዚህ አጥንት ራሱ የሚያድግበት ሸካራ ገጽ ያላቸው፣ ሲሚንቶ የማይፈልጉ ዳሌዎች ተሠሩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሲሚንቶ በሌለበትም አጥንቱ ሟሟ። ፕላስቲኩ አሁንም ያልቅ ነበርና።

ሌላም ጉድ ነበር። ኩባያዎቹን ከጀርም ለማጽዳት ጋማ ጨረር ይጠቀሙ ነበር። ጨረሩ የፖሊኢትሊንን ረጃጅም ሞለኪውሎች ይበጥሳል። በዚያ ሰዓት አየር ካለ የተበጠሱት ጫፎች ከኦክስጅን ጋር ይጣመሩና ፕላስቲኩ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ እንኳ እየተሰባበረ ይሄዳል። አየር በሌለበት ግን የተበጠሱት ጫፎች እርስ በርሳቸው ይቆላለፋሉ፣ ፕላስቲኩም ለመፋቅ አስቸጋሪ ይሆናል። ይህን አውቆ ጨረሩን ጨምሮ፣ ከዚያም ቁሱን አሙቆ የተሠራው በብዛት የተቆላለፈ ፖሊኢትሊን በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ ዋለ። ከአሥር ዓመት በላይ በተደረገ ክትትል ከድሮው በግልጽ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። አጥፊው ጨረር በትክክለኛው ቦታ ሲውል አዳኝ ሆነ።

የማንም ዓይን ያልገባ ለውጥ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለመሐንዲስ በጣም የሚያስተምረው የኤክሰተር ዳሌ ይመስለኛል። በ1970 ኤክሰተር ከተማ ውስጥ ሮቢን ሊንግ የሚባል ሐኪምና ክላይቭ ሊ የሚባል መሐንዲስ በጭን አጥንት ውስጥ የሚገባውን ዘንግ አብረው ሠሩ። ዘንጉ ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄድ፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ነበር። አንዳንዶቹ ዘንጎች ስለተሰበሩ በ1976 ንድፉ እንዲጠነክር ተደረገ። በዚያው አጋጣሚ የዘንጉ ገጽ ከተወለወለ ወደ ደብዛዛ ተቀየረ። ቁም ነገር ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። ገጹ ትንሽ ሸካራ ቢሆን ምን ይመጣል? እንዲያውም ሲሚንቶውን ይበልጥ ይይዛል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል።

ዓመታት ሲያልፉ ግን ደብዛዛዎቹ ከተወለወሉት በበለጠ ይላሉ ጀመር። ምክንያቱ ኋላ ላይ ግልጽ ሆነ። የተወለወለው ዘንግ ሲሚንቶው ውስጥ በጣም በትንሹ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቅርጹ እንደ ሽብልቅ ስለሆነ በተንሸራተተ ቁጥር ይጠብቃል። ደብዛዛው ግን መንሸራተት አይችልም። ትንሽ ሲነቃነቅ ሲሚንቶውን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል፤ የሞረደው ብናኝም አጥንቱን ይጎዳል። በ1986 ወደ ተወለወለው ተመለሱ። የተወለወለው ኤክሰተር ዛሬ በብዙ አገሮች መዝገብ ላይ ከረጅም ጊዜ አገልጋዮቹ መካከል ይጠቀሳል።

አስቡት፦ በስዕል ላይ ለውጡ አንድ መስመር ነው። ስህተት መሆኑን ለማወቅ ግን አሥር ዓመት ያህል ወሰደ። የታወቀውም ሁለቱን ዓይነት ለያይተው የሚከታተሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

መቁጠር የተጀመረበት ጊዜ

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ሆነ፦ ለሁሉም ዓይነት ዳሌ ይህን ክትትል ማን ያድርግ? አንድ ሐኪም በዓመት የሚተክለው ጥቂት ነው፤ የተበላሸበት ሰው ደግሞ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሊሄድ ይችላል። የሚኒባስ ጎማ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለማወቅ አንድ ጎሚስታ ብቻ እንደመጠየቅ ነው።

ስዊድን በ1979 መልሱን አገኘች። በአገሪቱ ሆስፒታሎች የሚደረገው የዳሌ ቀዶ ሕክምና በአንድ ብሔራዊ መዝገብ መያዝ ጀመረ። ዳሌው በድጋሚ ከተቀየረ ያም ይመዘገባል። በስዊድን እያንዳንዱ ሰው የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው የትም ቢታከም ይገኛል። ፊንላንድ በ1980፣ ኖርዌይ በ1987፣ አውስትራሊያ በ1999 ተከተሉ። ከእኛው አህጉር ማላዊ በ2005 የራሷን መዝገብ ጀምራለች፤ መዝገብ ለመጀመር ሀብታም አገር መሆን እንደማያስፈልግ ያሳያል።

መቁጠሩ ራሱ ዘዴ ይጠይቃል። 100 ሰዎች ዳሌ ተተከለላቸው እንበል። በአሥረኛው ዓመት 30ዎቹ በሌላ ምክንያት አርፈዋል፣ ዳሌያቸው ግን እስከ መጨረሻው አገልግሏል። እነዚህን «የተሳካ» ብለን እንቁጠር ወይስ እንተዋቸው? በ1958 ካፕላንና ማየር የተባሉ ሁለት ሰዎች ያወጡት ቀመር እያንዳንዱን ሰው በክትትል ሥር በነበረበት ጊዜ ልክ ብቻ ይቆጥረዋል። «የዚህ ዳሌ የ15 ዓመት ቆይታ 90 በመቶ ነው» የሚል ነገር ስታነቡ የተሰላው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። አንድ ጉድለት ግን አለው፦ «ተበላሸ» የሚባለው በድጋሚ ቀዶ ሲደረግ ብቻ ነው። እያመመው ቀዶ ሕክምና የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው በቁጥሩ ላይ «የቆየ» ተብሎ ነው የሚገባው።

መዝገብ ባለበትና በሌለበት

የመዝገብን ጥቅም ሦስት ታሪኮች ያሳያሉ።

በ1991 ቦንሎክ የሚባል አዲስ የአጥንት ሲሚንቶ ወጣ። ሲደርቅ ብዙ አይሞቅም፤ ይህ በላቦራቶሪ ጥሩ ነገር ነበር። ሰው ውስጥ ሲገባ ግን ደካማ ሆኖ ተገኘ። የኖርዌይ መዝገብ በጥቂት ዓመት ውስጥ ችግሩን አየው፣ በ1995 ሲሚንቶው ከገበያ ወጣ።

በዚያው በ1991 እንግሊዝ ውስጥ ካፒታል የሚባል ርካሽ ዳሌ መሸጥ ተጀመረ። የቻርንሊን ዓይነት ይመስል ነበር፤ «ይመስላል» ማለት ግን «ነው» ማለት አይደለም። 4,700 ገደማ ሰዎች ተተከለላቸው። በ1998 መንግሥት ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ማን የት እንደተተከለለት ማፈላለግ ራሱ ትልቅ ሥራ ሆነ፤ ብሔራዊ መዝገብ አልነበረምና። እንግሊዝና ዌልስ መዝገባቸውን በ2003 የጀመሩት ከዚህ ትምህርት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ኤኤስአር የሚባለው የዴፑይ ዳሌ ነው። በ2003 ገበያ ላይ ዋለ። ኳሱም ኩባያውም ከኮባልትና ክሮሚየም የተሠሩ ናቸው፤ ፕላስቲክ ከሌለ የፕላስቲክ ብናኝ የለም የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን ኩባያው ጥልቀቱ አነስተኛ ስለነበር በትንሹ እንኳ ዘንበል ብሎ ከተተከለ ኳሱ በጠርዙ ላይ ይጫናል፤ የብረት ብናኝና አዮን ወደ ሥጋና ወደ ደም ይገባል። አሜሪካ ውስጥ አንደኛው ዓይነት የተፈቀደው «ቀድሞ ከነበሩት ጋር ይመሳሰላል» በሚለው መንገድ፣ በሰው ላይ ሙከራ ሳይጠየቅ ነበር። የአውስትራሊያ መዝገብ በ2007 ምልክቱን አየ። ድርጅቱ ዳሌውን ከዓለም ገበያ የሰበሰበው ግን በነሐሴ 2010 ነው። እስከዚያ ድረስ 93,000 ያህል ሰዎች ተተክሎላቸዋል፤ በእንግሊዝና ዌልስ መዝገብ መሠረት ከመቶው 12 እስከ 13 የሚሆኑት በአምስት ዓመት ውስጥ በድጋሚ ቀዶ ያስፈልጋቸው ነበር። መዝገቡ ተናግሮ ነበር። የሚሰማው ዘገየ።

ታዲያ መልሱ ስንት ነው?

በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ጠየቁ። የአውስትራሊያንና የፊንላንድን መዝገብ ሲያዩ ከተተከሉት ዳሌዎች 89 በመቶው 15 ዓመት፣ 70 በመቶው 20 ዓመት፣ 58 በመቶው ደግሞ 25 ዓመት ቆይተዋል። በየሆስፒታሉ የወጡ ጥናቶችን ሲደምሩ ግን የ25 ዓመቱ ቁጥር ወደ 78 በመቶ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ለምን መጣ? የየሆስፒታሉን ጥናት ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በዚያ ዳሌ የተካኑ፣ አንዳንዴም ራሳቸው የነደፉት ሰዎች ናቸው። መዝገብ ግን ልምድ ያለውንም የሌለውንም፣ ትልቁን ሆስፒታል ትንሹንም ይጨምራል። ተራው ታካሚ የሚገጥመውን የሚመስለው የመዝገቡ ቁጥር ነው።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። በ2017 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው ከ70 ዓመት በኋላ ዳሌው የተቀየረለት ሰው በቀሪ ዘመኑ ዳግም ቅየራ የሚያስፈልገው ዕድል 5 በመቶ ገደማ ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለ ወንድ ግን 35 በመቶ ይደርሳል። ወጣቱ ብዙ ይራመዳል፣ ብዙ ዓመትም ይኖራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሐሳብ እንመለስ። በዚያ የ2019 ጥናት 25 ዓመት የሞላቸው ዳሌዎች የተተከሉት ብዙ የተቆላለፈው ፖሊኢትሊን ገና ሳይመጣ ነው። ስለዚህ የዛሬዎቹ ከዚያ ይሻላሉ ብሎ ተስፋ ማድረግ ይቻላል። ተስፋ ግን መረጃ አይደለም፤ ቴፍሎንም ካፒታልም ኤኤስአርም ተስፋ ነበራቸው። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ሐኪም «አዲሱ» ከሚባለው ይልቅ ረጅም ክትትል ያለውን የሚመርጠው። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ተቋም በ2000 ያስቀመጠው መለኪያ በአሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ ዳሌ ዳግም የሚቀየረው ከ10 እንዳይበልጥ ነበር፤ በ2014 ወደ 5 ዝቅ አደረገው። መለኪያው ሊጠብቅ የቻለው ቁጥሩ ስለነበረ ነው።

ከእኛም አገር ለዚህ ቀዶ ሕክምና ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ አሉ። እናንተ ወይም የምታውቁት ሰው ከሆነ አንድ ነገር አትርሱ፦ የዳሌው ስም፣ የሠሪው ድርጅትና የምርት ቁጥር የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቃችሁ ተቀበሉ፣ ከቤት ካርታና ከልደት ሰርተፍኬት ጋር አስቀምጡት። ዳሌው ሲጠራ ወይም ዳግም ሲቀየር የሚቀጥለው ሐኪም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። የትኛው ዘንግ ከየትኛው ኳስ ጋር እንደሚገጥም ካላወቀ አጥንት ከፍቶ ነው የሚገምተው።